ስፓኒሽን የከለከለው ካውንቲ

ማያሚ ውስጥ ቡና የሚሸጠው በመስኮት ነው። ገብቶ መቀመጥ አለ፤ የከተማው ሰው የሚወደው ግን መስኮቷን ነው። ምግብ ቤቱ ወደ እግረኛ መንገዱ የሚከፈት ትንሽ መስኮት ይኖረዋል። ስሟም በስፓኒሽ ቬንታኒታ ነው፣ "ትንሿ መስኮት" ማለት ነው። ሰው እዚያ ቆሞ ያዛል፣ ቆሞ ይጠጣል፣ ቆሞ ስለ ፖለቲካ ይከራከራል።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ቡናው የኩባ ዓይነት፣ ጥቁርና ወፍራም ነው። ቡና የምታፈላው ሴት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጠብታዎች ስኳር ያለበት ዕቃ ውስጥ ታንጠባጥባለች። ከዚያ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ትመታዋለች። ስኳሩ እየነጣ፣ እየወፈረ ይሄዳል። የቀረው ቡና ሲፈስበት አረፋ ሆኖ ከላይ ይቀመጣል። ኮላዳ የሚባለውን ካዘዛችሁ አንድ ኩባያ ሙሉ ቡና ይሰጣችኋል። ከጎኑ የጣት ጫፍ የሚያካክሉ ትንንሽ የፕላስቲክ ስኒዎች አሉ። ኮላዳ ለአንድ ሰው አይደለም። ይዛችሁት ቢሮ ትገቡና ለባልደረቦቻችሁ ታካፍላላችሁ። አንድ ጀበና ቡና ብቻውን የሚጨርስ ሰው ለእኛ እንደሚገርመን፣ ኮላዳን ብቻውን የሚጠጣም እዚያ ይገርማል።

በ2013 (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የማያሚ ከንቲባ በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 3:05 የከተማዋ የቡና ሰዓት እንዲሆን አወጁ። ሰዓቱ የተመረጠው የማያሚ የስልክ ኮድ 305 ስለሆነ ነው። ያን ሰዓት ጠብቆ ቡና የሚያዝዘው ኩባዊ ብቻ አይደለም። ከኒው ዮርክ የመጣው ጠበቃ፣ ከሄይቲ የመጣችው ነርስ፣ እዚያው የተወለደው ጥቁር አሜሪካዊ ሁሉ መስኮቷ ጋ ይሰለፋል።

ይህን የማወራው ስለ ቡና ብቻ ብዬ አይደለም። ማያሚ የምትገኝበት፣ በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት ያለው ዴድ ካውንቲ በ1980 በሕዝብ ድምፅ አንድ ደንብ አጽድቆ ነበር። ካውንቲ ማለት ከክፍለ ግዛቱ በታች ያለ የአስተዳደር ክልል ነው። የካውንቲው ገንዘብ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ለመጠቀም እንዳይወጣ የሚከለክል ደንብ ነው። ከአሜሪካ ባህል ሌላ ባህልን ለማስፋፋትም እንዳይወጣ ይከለክላል። ደንቡ 13 ዓመት ገደማ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት የሆነውን ነገር ጊዜ ወስጄ ተከትዬዋለሁ። የስደተኛ ባህል አንድ አገር ውስጥ በምን በር እንደሚገባ፣ የትኛው በር እንደሚዘጋ፣ የትኛው እንደማይዘጋ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ጉዳይ አላጋጠመኝም።

ለከርሞ በአገራችን

 ፊደል ካስትሮ ኩባ ውስጥ ሥልጣን የያዘው በ1959 መጀመሪያ ነው። ከሃቫና ማያሚ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ከ200 ሺህ በላይ ኩባውያን ተሻገሩ። ቀድመው የወጡት አብዛኞቹ የተማሩና ያላቸው ነበሩ፤ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ነጋዴ፣ አስተማሪ። ራሳቸው መውጣት ያልቻሉ ወላጆች ደግሞ ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳፍረው ላኩ። ከ1960 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1962 ከ14 ሺህ በላይ ልጆች ያለ እናትና አባት ማያሚ አየር ማረፊያ ወርደዋል። ብዙዎቹን ተቀብላ ያሳደረችው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ናት።

መሃል ማያሚ ውስጥ በ1925 ለጋዜጣ ድርጅት የተሠራ ረጅም ሕንፃ አለ። ከ1962 እስከ 1974 የኩባ ስደተኞች መቀበያ ሆኖ አገልግሏል። እነሱ "ኤል ሬፉሂዮ" ይሉት ነበር፣ መጠለያው። ወረቀታቸውን የሚጨርሱት፣ የሚመረመሩት፣ የዱቄት ወተትና የቆርቆሮ ሥጋ የሚቀበሉት እዚያ ነበር። ሃቫና ውስጥ ሠራተኛ ቀጥረው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች እዚህ ሰልፍ ይዘው አይብ ተቀበሉ። በአሜሪካ ስሙ አሁን የነፃነት ግንብ ነው። በ2008 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል።

እነዚህ ሰዎች ሊኖሩ አልመጡም ነበር። ካስትሮ ዛሬ ወይም ነገ ይወድቃል ብለው ነው የመጡት። በገና ዋዜማ ብርጭቆ ሲያነሡ "የሚቀጥለው ዓመት በኩባ" ይባባሉ ነበር። የእኛ ሰው በበዓል ቀን "ለከርሞ በአገራችን ያድርሰን" ሲል እንደሚሰማው ማለት ነው። ስደት ያየ ሐበሻ ይህን ቃል ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ይህ ተስፋ ከንቱ ሆኖ ቀረ። ግን አንድ ያልታሰበ ፍሬ አፈራ። ልንመለስ ነው ያለ ወላጅ ልጁ ስፓኒሽ እንዲረሳ አይፈልግም። ሃቫና ሲመለስ ማንበብና መጻፍ አለበት። የሌላ አገር ስደተኛ ወላጅ "ልጄ ቶሎ እንግሊዝኛ ይልመድልኝ" ሲል፣ የኩባው ወላጅ "እንግሊዝኛውን ይልመድ፣ ስፓኒሹን ግን እንዳይጥል" አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለበት። ኩባውያን እንደ ማንኛውም ስደተኛ አልተያዙም። የፌዴራሉ መንግሥት ለእነሱ ብቻ የስደተኛ ፕሮግራም አቋቁሟል። በ1966 የወጣው ሕግ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ በቀላሉ እንዲያገኙ አደረገ። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ነበር፤ ከኮሚኒስት አገር የሸሸ ሰው ለዋሽንግተን ምስክር ነው። በዚያው ዘመን ቴክሳስ ውስጥ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ልጅ ትምህርት ቤት ግቢ ስፓኒሽ ሲናገር ከተሰማ ይቀጣ ነበር። ቋንቋው አንድ ነው፣ አቀባበሉ ግን ሌላ። ይህን ሳይቆጥር የኩባውያንን ስኬት በጉብዝናቸው ብቻ የሚያስረዳ ሰው ግማሹን ታሪክ ዘሎታል።

ጠዋት በእንግሊዝኛ፣ ከሰዓት በስፓኒሽ

በመስከረም 1963 ኮራል ዌይ የሚባል አንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አዲስ ነገር ጀመረ። ገንዘቡ ከፎርድ ፋውንዴሽን መጣ። ሥራውን የመራችው ፖሊን ሮሃስ የምትባል የቋንቋ ትምህርት ባለሙያ ናት። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የክፍሉ ግማሽ ቀን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በስፓኒሽ ይሆናል። ልዩ የሚያደርገው ግን ለማን እንደተሠራ ነው። ለኩባ ልጆች ብቻ አልነበረም። የሰፈሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችም ስፓኒሽ ይማራሉ።

እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ልጁ ጠዋት ትምህርቱን የሚማረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። የኩባው ልጅ በስፓኒሽ፣ የአሜሪካው ልጅ በእንግሊዝኛ። ምሳ ላይ፣ በሙዚቃና በሥዕል ሰዓት ሁለቱም ወገን ይደባለቃል። ከሰዓት በኋላ ቋንቋው ይገለበጣል። ጠዋት የተማሩትን ከሰዓት በሌላኛው ቋንቋ ይከልሱታል። ይህ እንዲሠራ አስተማሪዎቹ መነጋገር አለባቸው። የጠዋቷ የት እንዳቆመች የከሰዓቷ ካላወቀች ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ልጆቹ ሙዚቃና ጨዋታ ላይ ሲሆኑ አስተማሪዎቹ ተቀምጠው ያቅዱ ነበር። በዚያ ሰዓት ልጆቹን የሚይዙት ረዳቶቹ ናቸው።

የረዳቶቹ ነገር ልብ ይነካል። ብዙዎቹ በኩባ ሙሉ አስተማሪ የነበሩ ሴቶች ናቸው። የሃቫናው ዲፕሎማ ፍሎሪዳ ላይ አያስተምርም። ዲፕሎማውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ታክሲ የሚነዳ፣ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ የእኛ ሰው ስንት ነው? እዚህ ግን የማያሚ ዩኒቨርሲቲ የኩባ አስተማሪዎችን እንደገና አሠልጥኖ ወደ ክፍል የሚመልስ ፕሮግራም ከፈተ። ስለዚህ የስፓኒሹን ክፍል የያዙት ቋንቋውን ከመጽሐፍ የለመዱ ሰዎች አልነበሩም። ተረቱንም፣ ግጥሙንም፣ የልጆች ዘፈኑንም ይዘው የመጡ ነበሩ።

ኮራል ዌይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የመጀመሪያው የሁለት ቋንቋ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተደርጎ ይታያል። በ1968 ኮንግረሱ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ሕግ ሲያወጣ በሥራ ላይ ያለ ምሳሌ ከተፈለገ አንዱ እሱ ነበር። ዛሬም አለ፣ እስከ 8ኛ ክፍል ያስተምራል። ስፓኒሽ የሚማረው ልጅ እንግሊዝኛው ይደክማል የሚለው ፍርሃት መልሱን ያገኘው በክርክር አይደለም። ወላጅ የራሱን ልጅ ቤት ውስጥ እያየ ነው መልሱን ያገኘው።

ስለ ትምህርት ቤቱ ይህን ያህል የጻፍኩት ስለምወደው ብቻ አይደለም። 1980 ሲመጣ ለምን እንዳልተነካ ኋላ ታያላችሁ።

ባንዲራውን ይዘህ ውጣ

ከ1965 እስከ 1973 በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ከኩባ ወደ ማያሚ በየጊዜው አውሮፕላን ይመላለስ ነበር። ከ260 ሺህ በላይ ሰው አመጣ። በ1960 ከካውንቲው ሕዝብ ስፓኒሽ ተናጋሪው 5 በመቶ ገደማ ነበር። በ1980 ወደ 36 በመቶ ደረሰ። ሃያ ዓመት ነው። አንድ ጎረምሳ ትምህርት ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ቤት እስኪገዛ ሰፈሩ ተለወጠ።

የተለወጠው በቁጥር ብቻ አልነበረም። 8ኛ መንገድ የሚባለው አውራ ጎዳና "ካዬ ኦቾ" ሆነ። ጥግ ላይ ሽማግሌዎች ዶሚኖ የሚጫወቱበት መናፈሻ አለ። ከመሰብሰቢያው አልፎ ማንም ሰው መንገድ ላይ የድንጋዮቹን ጠቅታ ይሰማል። በ1973 በፖርቶ ሪኮ የተወለዱት ሞሪስ ፌሬ የማያሚ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የካውንቲው ኮሚሽን፣ ማለትም የተመረጠው ምክር ቤት፣ ዴድን "ባለ ሁለት ቋንቋና ባለ ሁለት ባህል" ብሎ አወጀ፤ ስፓኒሽም ሁለተኛ የሥራ ቋንቋ ሆነ። ከ1977 እስከ 1980 ደግሞ የማያሚ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ አስቂኝ ድራማ አሳየ። አያቶቹ ስፓኒሽ፣ ልጆቹ እንግሊዝኛ፣ ወላጆቹ ሁለቱንም እየቀላቀሉ ይናገራሉ። የግርጌ ጽሑፍ የለውም። የገባው ይገባዋል፣ ያልገባው ከፊታቸው ያነባል። ቤት ውስጥ አማርኛና እንግሊዝኛ የሚቀላቀልበት ሰው ይህን ለመሳል አይቸገርም።

ከዚያ 1980 መጣ። ያን ዓመት ማያሚ ላይ ያልወረደ ነገር የለም።

በሚያዝያ ሃቫና ያለው የፔሩ ኤምባሲ በ10 ሺህ ሰው ተጥለቀለቀ። ካስትሮም "መሄድ የሚፈልግ ይሂድ" ብሎ የማርየል ወደብን ከፈተ። የማያሚ ኩባውያን ጀልባ ተከራይተው ዘመዶቻቸውን ለማምጣት ወጡ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ 125 ሺህ ሰው ገባ። ስታዲየም ውስጥ፣ በአውራ ጎዳና ድልድይ ሥር በተተከለ ድንኳን የሚያድር ሰው ነበር። በዚያው ሰሞን ከሄይቲም በሺዎች በጀልባ መጡ፤ ለእነሱ ግን የተከፈተላቸው በር ያን ያህል ሰፊ አልነበረም። በግንቦት ደግሞ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ደብድበው በመግደል የተከሰሱ ፖሊሶች በነፃ ተለቀቁ። የጥቁሮች ሰፈር ነደደ፤ 18 ሰው ሞተ።

በዚያ ዓመት ነጭ አሜሪካውያን መኪና ላይ የሚለጠፍ አንድ ጽሑፍ ወጣ። "ከማያሚ የምትወጣ የመጨረሻው አሜሪካዊ፣ እባክህ ባንዲራውን ይዘህ ውጣ" ይላል። ብዙዎችም ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎረቤቱ ካውንቲ ሄዱ።

የቀሩት ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። ዘመቻውን ከመሩት አንዷ ራሷ ከአውሮፓ የመጣች ስደተኛ ነበረች። የጦርነትን መከራ አይታ፣ አሜሪካ ገብታ እንግሊዝኛ የተማረች ሴት ናት። ጥያቄዋ "እኔ ተምሬያለሁ፣ እነሱስ?" የሚል ነበር። ይህን ጥያቄ እንደ ጥላቻ ብቻ አላየውም። የኖርክበት ከተማ ሱቅ ገብተህ የሚያናግርህ ስታጣ ሆድ ይብሳል። መልሱ ግን የተሳሳተ ሰው ላይ ወደቀ።

ኅዳር 4 ቀን 1980 ድምፅ ተሰጠ። 59 በመቶ ገደማ ደገፈ። የካውንቲው ስብሰባና ኅትመት ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። የ1973ቱ አዋጅም በዚሁ አበቃ።

ደንቡ ማንን ነካ?

ይህን ለማወቅ ከ1980 ይልቅ 1984ን ማየት ይጠቅማል። በዚያ ዓመት ደንቡ ተሻሽሎ ጥቂት ነገሮች ተፈቀዱ። ሕክምና፣ የድንገተኛ አደጋ አገልግሎት፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጥ አገልግሎት። ደግሞም የቱሪስት ማስታወቂያ።

ዝርዝሩን ደግማችሁ አንብቡት። የተፈቀደው ቀድሞ የተቸገረው ነው። ስለዚህ ደንቡ ያገኘው ካዬ ኦቾ ላይ ሱቅ ያለውን ባለሀብት አይደለም። ያገኘው ሆስፒታል የምትሄደውን እርጉዝ፣ ቤቱ የሚቃጠልበትን፣ ትናንት በጀልባ የመጣውን፣ አዲስ ቋንቋ ለመማር ዕድሜው የገፋውን ሽማግሌ ነው። ባለሱቁ ምን ቸገረው? ደንቡ የሚያዘው የካውንቲውን ገንዘብ ብቻ ነው። የእሱን ሱቅ ምልክት፣ የእሱን ሬዲዮ፣ የእሱን ባንክ አይነካም።

ትምህርት ቤቶቹንም አልነካም። ምክንያቱ የአስተዳደር ነገር ነው፣ ግን ትልቅ ምክንያት ነው። በዴድ ትምህርት ቤቶች የሚተዳደሩት በካውንቲው ኮሚሽን ሳይሆን ራሱን ችሎ በሚመረጥ የትምህርት ቦርድ ነው። ስለዚህ ካውንቲው ስፓኒሽን በከለከለ ማግስት ኮራል ዌይ ውስጥ ልጆቹ ከሰዓት በኋላ እንደተለመደው ቋንቋቸውን ገለበጡ።

ገበያውም የራሱን መንገድ ሄደ። ትልቁ የማያሚ ጋዜጣ በ1976 በስፓኒሽ ተጨማሪ እትም ማውጣት ጀምሮ ነበር። እትሙ በ1987 ታድሶ አዲስ ስም ያዘ። በዚያው በደንቡ ዘመን ማለት ነው። ከቬኔዙዌላ፣ ከኮሎምቢያ፣ ከአርጀንቲና የሚመጣ ነጋዴ በቋንቋው የሚያስተናግደው ባንክ፣ ሐኪም፣ ጠበቃ ያገኘው ማያሚ ውስጥ ነው። የስፓኒሽ ቴሌቪዥን ድርጅቶችም ስቱዲዮአቸውን እዚያ ተከሉ። ከዚያ የሚተላለፈው ፕሮግራም ሎስ አንጀለስም ሊማም ይታያል። ማያሚ ወደ ደቡብ አሜሪካ የሚያስገባ በር ሆነች። በሩን የከፈተው ያው የተከለከለው ቋንቋ ነው።

በ1978 ትንሿ ሃቫና በሚባለው የኩባውያን ሰፈር ውስጥ ያለ የበጎ አድራጎት ክለብ ካዬ ኦቾ ላይ የመንገድ ላይ ድግስ ጀምሮ ነበር። ዓላማው ጎረቤት ከጎረቤት እንዲተዋወቅ ነው። በመጋቢት 1988 በዚያ ድግስ 119,986 ሰው ተያይዞ ኮንጋ ጨፈረ፤ በዓለም የድንቃድንቅ መዝገብም ሰፈረ። አንዱ የሌላውን ወገብ ይዞ፣ ሦስት እርምጃና አንድ ርግጫ፣ መንገዱን ሙሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር የፍሎሪዳ ሕዝብ እንግሊዝኛ የክፍለ ግዛቱ የሥራ ቋንቋ እንዲሆን በ84 በመቶ ድምፅ ወሰነ። ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በአንድ ክፍለ ግዛት የሆኑ ናቸው። ሰው በባህል እየጨፈረ በቋንቋ ሊፈራ ይችላል። ይህ የሚያጣላ ሆኖ አይታየውም።

የተሻረበት መንገድ

የደንቡ መጨረሻ የመጣው ስለ ቋንቋ በተደረገ ሙግት አይደለም። የካውንቲው ኮሚሽነሮች ይመረጡ የነበሩት በመላው ካውንቲ ድምፅ ነው። በዚህ አሠራር አናሳ ወገን እጩውን ማስመረጥ አይችልም። ጥቁሮችና ስፓኒሽ ተናጋሪዎች አብረው ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1992 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት አሠራሩ የምርጫ መብት ሕጉን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ካውንቲው በ13 ወረዳ ተከፈለ። በ1993 የተመረጠው አዲስ ኮሚሽን 6 ስፓኒሽ ተናጋሪዎች፣ 4 ጥቁሮችና 3 ነጮች ነበሩበት። ግንቦት 18 ቀን 1993 ደንቡን ሻሩት።

ጥቁሮቹ አብረው መክሰሳቸው ቀላል ነገር አልነበረም፤ ቂም ነበራቸውና። ከደቡብ እርሻ ወጥተው ማያሚን በጉልበታቸው የገነቡ ቤተሰቦች፣ ትናንት የመጣ ስደተኛ በመንግሥት ብድርና ድጋፍ ሲያልፋቸው አይተዋል። ሆቴልና ሱቅ ሥራ ሲጠይቁ "ስፓኒሽ ትችላለህ?" ተብለዋል። በ1990 ኔልሰን ማንዴላ ማያሚ ሲመጡ ደግሞ የኩባ ዝርያ ያላቸው ከንቲባዎች ሊቀበሏቸው የነበረውን አቀባበል ሰረዙ። ምክንያቱ ማንዴላ የካስትሮን ወዳጅነት አለመካዳቸው ነው። 27 ዓመት ታስሮ የወጣን ሰው! የጥቁሮቹ መሪዎች ድርጅቶች ስብሰባቸውን ማያሚ እንዳያደርጉ ጥሪ አስተላለፉ። ማዕቀቡ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ በ1993 ነው የተነሣው። ኩባውያኑ ከራሳቸው ቁስል የተነሣ የሌላውን ቁስል አላዩም ብዬ አምናለሁ። የማያሚን ታሪክ ቡናና ኮንጋ ብቻ አድርጎ መጻፍ ለዚያ ሕዝብ በደል ነው።

ደንቡ ከተሻረ በኋላ ካውንቲው ስፓኒሽን ብቻ አልመለሰም። ዛሬ የዚያ ካውንቲ የምርጫ ወረቀት በሦስት ቋንቋ ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽና በሄይቲ ክሪዮል። በ1980 በሩ ለጠበበባቸው ሄይቲያውያን የእነሱ ቋንቋ እዚያ ወረቀት ላይ መገኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

የዋሽንግተን ዲሲ ሰው እዚህ ላይ የራሱን ነገር ያስታውስ ይሆናል። ዲሲ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አወጣች። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግላቸው ሰዎች 3 በመቶው ወይም 500ው፣ ዝቅ ያለው ተወስዶ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ከሆነ አስፈላጊ ወረቀቶቹን በዚያ ቋንቋ መተርጎም አለበት። አማርኛ በዚህ ሕግ ገባ። ከማያሚ በቀጥታ የመጣ ሕግ ነው አልልም። ግን በአሜሪካ "መንግሥት በሚገባኝ ቋንቋ ያናግረኝ" የሚለውን ጥያቄ በየከተማው ረጅም ዘመን ተሟግተው የተለመደ ያደረጉት በዋናነት ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ናቸው። እናቶቻችን በአማርኛ የተጻፈ ቅጽ ሲሰጣቸው ከጀርባው ይህም ድካም አለ።

ከመኪና ውረድ

ዛሬ ከካውንቲው ሕዝብ ሰባ በመቶ ገደማ ስፓኒሽ ተናጋሪ ወይም የዚያ ዝርያ ነው። ከኩባውያን በኋላ የኒካራጓ፣ የኮሎምቢያ፣ የቬኔዙዌላ ሰዎች መጥተዋል። ሆኖም ስፓኒሽ ራሱ እዚያ ዋስትና የለውም። አሜሪካ የተወለደው ልጅ ከጓደኛው ጋር የሚያወራው እንግሊዝኛ ነው። የልጅ ልጁ ጋ ሲደርስ ስፓኒሹ ሰላምታና የምግብ ስም ይሆናል። ቋንቋውን በየዘመኑ የሚያድሰው አዲስ የሚመጣው ሰው ነው። የ1980 መራጮች "እንግሊዝኛ ሊጠፋ ነው" ብለው ነበር፤ የጠፋበት ቤት ግን የለም።

ስፓኒሹ ሌላ ቦታ ገብቶ ተቀምጧል። እንግሊዝኛው ውስጥ። በፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ፊሊፕ ካርተር የሚባሉ የቋንቋ ተመራማሪ የማያሚን እንግሊዝኛ ለዓመታት አጥንተዋል። የማያሚ ወጣት ከመኪና መውጣቱን ሲናገር "ጌት ዳውን ፍሮም ዘ ካር" ይላል። ሌላው አሜሪካዊ "ጌት አውት" ነው የሚለው። የማያሚው በስፓኒሽ "ከመኪና መውረድ" ከሚባለው የተወሰደ ነው። ድግስ ማዘጋጀትንም "ሜክ ኤ ፓርቲ" ይሉታል። ሥጋ ሲሉም ብዙ ጊዜ የከብት ሥጋን ብቻ ማለታቸው ነው፤ በስፓኒሹ እንደዚያ ነውና። እንዲህ የሚሉት ስደተኞቹ ብቻ አይደሉም፤ እዚያው ተወልደው በእንግሊዝኛ አፍ የፈቱ ልጆችም እንዲሁ ይላሉ። ስህተት እየተናገሩ አይመስላቸውም። የሰፈራቸው አነጋገር ነው።

እኛም ከመኪና እንወርዳለን እንጂ አንወጣም። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ማያሚ ሄዶ ያን እንግሊዝኛ ቢናገር፣ ቢያንስ በዚህች ቃል የሚያርመው ሰው አያገኝም።